ፋየርፎክስን አያጥፉ፣ ኦፔራ ሚኒን ግን ከቅጽ ያርቁ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አሁን አብዛኛው ሥራዬ በኢንተርኔት የሚሞሉ ቅጾችን ለደንበኞች መሙላት ሆኗል። በኮምፒውተሬ ፋየርፎክስ፣ በስልኬ ደግሞ ዳታ ስለሚቆጥብልኝ ኦፔራ ሚኒ እጠቀማለሁ። ሰሞኑን አንድ የሥራ ማመልከቻ ላይ ‹ሥራ የጀመሩበት ወር› የሚለውን ብሞላም ‹ትክክል አይደለም› እያለ አስቸገረኝ፤ ጎረቤቴ በክሮም ከፍቶ ወሩን መርጦ ወዲያው ላከው። በኦፔራ ሚኒ ደግሞ ክልል ስመርጥ የዞኑ ዝርዝር ባዶ ይሆናል። ሌላ ድረ ገጽ ጭራሹን ‹በክሮም ብቻ ይጠቀሙ› ይለኛል። አንዳንድ የደንበኞች ስልክ ላይም ‹ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም› ብሎ ይዘጋል። ጎረቤቴ ‹እነዚህ ብሮውዘሮች ጥራት የላቸውም፤ ሁሉንም አጥፍተህ ክሮም ብቻ ጫን› ይለኛል። ልስማው?»

ምላሽ፦ አይስሙት። ክሮምን መጨመር ያስፈልግዎታል፤ በዚህ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ሌላውን ሁሉ ማጥፋት ግን ችግሩን አይፈታም፣ ምክንያቱም የጠቀሷቸው እንከኖች የመጡት ከተለያየ ቦታ ነው። የወሩ ጉዳይ የፋየርፎክስ ጉድለትና የቅጹ ሠሪ ግዴለሽነት ተደምረው ያመጡት ነው። የዞኑ ዝርዝር ኦፔራ ሚኒ ከመነሻው ከተሠራበት መንገድ ይመነጫል። «በክሮም ብቻ» የሚለው የድረ ገጹ ባለቤት ውሳኔ ነው። የመጨረሻው ደግሞ በአብዛኛው የስልኩ እንጂ የብሮውዘሩ ችግር አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ግምት ይታረም። ብዙ ሰው ድረ ገጽ ተሠርቶ ያለቀ ነገር፣ ብሮውዘር ደግሞ ያንኑ አምጥቶ የሚያሳይ ብቻ ይመስለዋል። ከሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ የሚመጣው ግን የገጹ አሠራር መመሪያ ነው፦ «እዚህ ርዕስ ይቀመጥ፣ እዚህ የወር መምረጫ ይሁን፣ ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህን አስላ» የሚል፣ በኤችቲኤምኤል፣ በሲኤስኤስና በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ጽሑፍ። ያንን አንብቦ ገጹን የሚገነባው በብሮውዘሩ ውስጥ ያለው ሞተር ነው። ሞተሩ ሲለያይ ግንባታውም በትንሹ ይለያያል።

የብሮውዘር ስም ብዙ ነው፤ ዛሬ በስፋት የሚሠሩት ሞተሮች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ብሊንክ የክሮም ነው፣ ጌኮ የፋየርፎክስ፣ ዌብኪት ደግሞ የአፕሉ ሳፋሪ። ኦፔራ ፕሬስቶ የሚባል የራሱ ሞተር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ትቶት ወደ ክሮም ቤተሰብ ገባ። ማይክሮሶፍትም ኤጅን በ2020 በዚያው ሞተር አስነሣው። ብሬቭና ቪቫልዲ የሚሠሩትም በብሊንክ ነው። ስለዚህ ስሙ ያልተለመደ ብሮውዘር ሁሉ አሠራሩ ያልተለመደ አይደለም። ክሮም ላይ የሚሠራ ገጽ ኤጅ ላይ አልሠራ ካለዎት የሞተር ልዩነት ነው ብለው ጊዜ አያጥፉ፤ የድሮ ቅጂ (ቨርዥን)፣ ማስታወቂያ የሚከለክል ተጨማሪ ፕሮግራም ወይም የተቀየረ ቅንብር ይፈልጉ።

ሦስቱ ሞተሮች የሚመሩበት የጋራ ደንብ አለ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ደንቡ ሲጨመርበት ሁሉም በአንድ ቀን አይተገብሩትም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ለዓመታት ይዘገያል። ሁለተኛ፣ ደንቡ ራሱ ለየብሮውዘሩ የተወው ነገር አለ። ለምሳሌ ጃቫስክሪፕት ቀንን ከጽሑፍ ሲያነብ በደንቡ የተወሰነ አጻጻፍ አለው፤ ከዚያ ውጭ የተጻፈውን እያንዳንዱ ሞተር እንደመሰለው እንዲያስተናግድ ተፈቅዶለታል። ክሮም እዚህ ላይ እጅግ ቻይ ነው፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ «ይህ ቀን አይደለም» የሚሉትን እንኳ እንደምንም ተርጉሞ ይቀበላል። ይህ ቻይነት ለተጠቃሚው ደግነት ይመስላል፤ ሠሪውን ግን ስህተቱን እንዳያይ ይሸፍንበታል። በክሮም ብቻ የሞከረ ሠሪ ሁሉም ነገር እንደሠራለት አምኖ ገጹን ለሕዝብ ይለቃል፤ ጉዳቱ የሚወጣው እርስዎ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛው ፊት ነው።

አሁን ወደ ወሩ ሳጥን። የጻፉልኝ ምልክት በጣም ግልጽ ስለሆነ ምክንያቱን መናገር ይቀላል። በኤችቲኤምኤል ውስጥ ዓመትና ወር ብቻ የሚያስመርጥ ሳጥን አለ። ክሮም ሲያገኘው ወራቱን ደርድሮ ያሳያል። የኮምፒውተሩ ፋየርፎክስ ግን ይህን ሳጥን ለዓመታት ሳይሠራለት ቆይቷል፤ ሳፋሪም በኮምፒውተር ላይ እንዲሁ። ብሮውዘር የማያውቀው ዓይነት ሳጥን ሲገጥመው ተራ የጽሑፍ ሳጥን አድርጎ እንዲያሳየው ደንቡ ያዝዛል፤ ለዚህ ነው ለጎረቤትዎ መምረጫ፣ ለእርስዎ ባዶ ሳጥን የታየው። እርስዎ ምናልባት «መስከረም 2016» ወይም «09/2023» ብለው ጻፉበት። ቅጹ ከጀርባው የሚጠብቀው ግን አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው፦ ዓመቱ በአራት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ወሩ በሁለት አኃዝ። ማለትም 2023-09። እንዲህ አድርገው ይጻፉት፤ በአብዛኛው ያልፋል። ሠሪው ከባዶው ሳጥን አጠገብ የአጻጻፍ ምሳሌ አንድ መስመር ቢያስቀምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ሳጥኑ የሚጠብቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነው፤ ደንበኛው የሚነግርዎ ደግሞ የኛን። መስከረም 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 20 ግን ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል። ስለዚህ ወሩን ብቻ ሰምተው አይሙሉ፣ ቀኑንም ይጠይቁ። የቅጹ ወር ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ማመልከቻ ቢወድቅ ማንም ብሮውዘሩን አይጠይቅም።

ኦፔራ ሚኒ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከፋየርፎክስ ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም። ከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ሲበራ ኦፔራ ሚኒ ገጹን በስልክዎ ላይ አይገነባውም። ጥያቄዎ ወደ ኦፔራ ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ገጹን ከፍቶ፣ ጃቫስክሪፕቱን ለጥቂት ሰኮንዶች አሠርቶ፣ ውጤቱን አሳንሶና ጨምቆ ይልክልዎታል። ዳታ የሚቆጥበውም በዚህ ነው። እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሄደ ሰው የሱቁን ፎቶ ቢልክልዎ ዕቃውን ያዩታል እንጂ አንስተው አይሞክሩትም፤ እንደዚያ ነው። ገጹ እጅዎ ሲገባ ጃቫስክሪፕቱ ቆሟል። ክልል ሲመርጡ የዞኑን ዝርዝር ከበስተኋላ ማምጣት የነበረበት ያ ጃቫስክሪፕት ነው። አንዳንዴ ምርጫዎ ወደ ሰርቨሩ ተመልሶ ዝርዝሩ ይመጣል፣ አንዳንዴ ባዶ ይቀራል፣ አንዳንዴ የሞሉት ሁሉ ይጠፋል። በዚህ የቁጠባ ደረጃ ኦፔራ ሚኒ ድረ ገጾች በስልኩ ላይ ጊዜያዊ መረጃ የሚያስቀምጡበት ቦታም የለውም፣ ያሉበትን አካባቢ ለገጹ አይነግርም፣ ገጹ ይዞት የመጣውን ፊደልም አይጭንም። በአንዳንድ ገጾች ላይ በምልክት ፋንታ ትናንሽ ባዶ አራት ማዕዘኖች የሚያዩት በዚህ የመጨረሻው ምክንያት ነው። ብልሽት አይደለም፤ ለመቆጠብ ሲባል ታስቦበት የተተወ ነው። ለዜና፣ ለስፖርት ውጤት፣ ለንባብ አመስግነው ይጠቀሙበት።

ለቅጽና ለገንዘብ ግን አይጠቀሙበት። ከስልክዎ እስከ ኦፔራ ሰርቨር ያለው መንገድ የተመሰጠረ ነው፣ ከዚያ እስከ ድረ ገጹ ያለውም እንዲሁ። መሃል ላይ ግን ሰርቨሩ ገጹን ለማሳነስ ምስጢሩን መክፈት ግድ ይለዋል። የራስዎን የይለፍ ቃል በዚህ መንገድ ለመላክ መወሰን ይችላሉ፤ የደንበኛዎን የባንክ ቁጥር ወይም መታወቂያ ለመላክ ግን መብት የለዎትም። ኦፔራ ሚኒን መተው ካልፈለጉ ቢያንስ በቅንብሩ ውስጥ የዳታ ቁጠባውን ያጥፉ፤ ያን ጊዜ ገጹ በስልኩ ላይ ይገነባል። ከዚህ የባሰ አደጋ ደግሞ አለ። «በነጻ ኢንተርኔት ያስገባል» እየተባለ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የተነካካ የኦፔራ ሚኒ ቅጂ ነው። እሱ መረጃዎን በማን ሰርቨር በኩል እንደሚያሳልፍ የሚያውቅ የለም። የደንበኛ ስልክ ላይ ካዩት ይንገሩት፣ በዚያ ስልክም ምንም ቅጽ አይሙሉ።

«በክሮም ብቻ ይጠቀሙ» ስለሚለው መልእክት። ማንኛውም ብሮውዘር ገጽ ሲጠይቅ ስሙንና ቁጥሩን የያዘ አንድ መስመር ጽሑፍ ይልካል። አንዳንድ ሠሪዎች ያን መስመር አንብበው፣ «ክሮም» የሚል ቃል ካላገኙ በሩን ይዘጋሉ። ገጹ በፋየርፎክስ ይሠራ አይሠራ አልሞከሩትም፤ ባለመሞከራቸው ነው እርስዎ ላይ የሚዘጉት። ይህ ልማድ ያረጀ ከመሆኑ የተነሣ ዛሬ የታወቁት ብሮውዘሮች በሙሉ፣ ክሮምም ጭምር፣ መስመራቸውን የሚጀምሩት «ሞዚላ» በሚል ቃል ነው፤ የጥንት ድረ ገጾች በዚያ ስም ላልመጣ ብሮውዘር ሙሉ ገጽ አይሰጡም ነበርና። ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2009 አሥረኛ ቅጂውን ሲያወጣ የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች «አንደኛው ቅጂ ነው፣ ያረጀ ነው» ብለው ስለመለሱት፣ አሥረኛነቱን ደብቆ 9.80 ነኝ ለማለት ተገዷል። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2022 መቶኛ ቅጂ ላይ ሲደርሱም ተመሳሳይ ሥጋት ነበር። ቪቫልዲ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ለአብዛኞቹ ድረ ገጾች ራሱን ክሮም ነኝ ብሎ ያስተዋውቃል። ፋየርፎክስም ለታወቁ ጥቂት ገጾች ስሙን ወይም የገጹን አሠራር እያስተካከለ ያልፋል። የእርስዎ ገጽ ከእነዚያ ውስጥ ካልሆነ የብሮውዘሩን ስም ራስዎ ለመቀየር አይድከሙ፤ ለዚያ ገጽ ክሮምን ይክፈቱና ሥራዎን ይጨርሱ።

«ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚለው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች ይመጣል። መጀመሪያ የስልኩን ቀን ይዩ። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ያስተካከለ ስልክ ለብሮውዘሩ በጎርጎርዮሳዊው 2018 ላይ ነው ያለው፤ የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥለት ፋይል) ደግሞ ከዚያ ብዙ ቆይቶ የወጣ ነው፤ ስለዚህ «ገና ያልጸና» ተብሎ ውድቅ ይሆናል። በቅንብር ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲመጣ ማድረግ ይበቃል። ሁለተኛው የስልኩ እርጅና ነው። እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ተቋም በነጻ በሚገኝ ሰርተፊኬት ይሠራሉ፤ ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት ያሉ ስልኮች ደግሞ የዚህን ተቋም ዋና ፊርማ በዝርዝራቸው ውስጥ አልያዙም። ለነሱ ተብሎ የቆየው ማቻቻያም በ2024 አብቅቷል። ፋየርፎክስ የታመኑ ፊርማዎችን ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ክሮም እምቢ ያለውን ገጽ በአሮጌ ስልክ ሊከፍት ይችላል። ጎረቤትዎ አጥፋው ያሉት ብሮውዘር መሆኑን ልብ ይበሉ። ክሮም ራሱ ለአንድሮይድ 7 አዲስ ቅጂ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፣ የመጨረሻው 119ኛው ነበር። በምንም መንገድ ግን ማስጠንቀቂያውን ረግጠው «ቀጥል» ብለው የሰው ቅጽ አይሙሉ።

ያልጠየቁኝ፣ ግን በእርግጠኝነት የሚገጥምዎ አንድ ሌላ ነገር አለ። ደንበኛው ማስፈንጠሪያውን በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ተልኮለት እዚያው ሲነካው፣ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ሙሉ ብሮውዘር አይደለም፤ በመተግበሪያው ውስጥ የተሰካ መስኮት ነው። በዚህ መስኮት ውስጥ ፋይል መምረጥ የሚቻለው የመተግበሪያው ሠሪ ለብቻው ካዘጋጀለት ነው። ካላዘጋጀው «ፎቶ አያይዝ» የሚለውን ቁልፍ ቢነኩት ዝም ይላል፤ የስህተት መልእክት እንኳ አይሰጥም። በሌላ ብሮውዘር የተከፈተ አካውንትም እዚያ አይታወቅም። ከላይ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው በብሮውዘር እንዲከፈት ያድርጉ፣ ከዚያ መሙላቱን ይጀምሩ።

ፋየርፎክስ ላይ ገጹ ተከፍቶ መግቢያው ወይም ክፍያው ብቻ አልሠራ ሲል ደግሞ ከአድራሻው ሳጥን በስተግራ ያለችውን የጋሻ ምልክት ይመልከቱ። ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ብሬቭ ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጡ መከታተያ ኩኪዎችን (ገጾች በብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጧቸውን ትናንሽ ማስታወሻዎች) ከክሮም ይልቅ አጥብቀው ይከለክላሉ። የክፍያ ወይም የማንነት ማረጋገጫ ክፍሉ ከሌላ አድራሻ መጥቶ በገጹ ውስጥ የተሰካ ከሆነ በዚህ ሊሰናከል ይችላል። ጋሻውን ለዚያ ገጽ ብቻ ያንሡት፣ ሲጨርሱ ይመልሱት። ለሁሉም ገጽ አያጥፉት።

ስለ «ክሮም ብቻ» ጎረቤትዎን ለምን እንደማልደግፍ በግልጽ ልናገር። ይህን መንገድ ዓለም አንድ ጊዜ ሞክሮታል። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ከአሥር ተጠቃሚ ዘጠኙ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር የሚሠራው። ስድስተኛው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ ሰባተኛው የመጣው በ2006 ነው። ተፎካካሪ ስላልነበረ አምስት ዓመት ሙሉ ብሮውዘሩ ባለበት ቆመ። ደቡብ ኮሪያ የባንክና የግብይት ገጾቿን በዚያ ብሮውዘር ብቻ በሚሠራ አክቲቭኤክስ በተባለ ቴክኖሎጂ ላይ ስለገነባች፣ ሌላው ዓለም ከተላቀቀ በኋላም ለብዙ ዓመታት ስትታሰርበት ኖራለች። የኛ አገር አገልግሎቶች አሁን ገና ወደ ኢንተርኔት እየገቡ ነው። በአንድ ብሮውዘር ብቻ እንዲሠሩ ሆነው ከተተከሉ ነገ የሚነቅላቸው ከባድ ነው፤ አሮጌ ስልክ ይዞ ከሽንሌ ወይም ከመልካ ጀብዱ ትራንስፖርት ከፍሎ የመጣ ሰው ነው በር ላይ የሚቀረው። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህ ነው። በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ፋየርፎክስ እንዳለ ይቆይ፤ ከጎኑ ክሮምን ወይም ኤጅን ይጨምሩ። ሁለቱንም ከዋናው ምንጫቸው ብቻ ያውርዱ፣ አዲስ ቅጂ ሲመጣም ሳያዘገዩ ያሳድሱ፤ የማታ ዳታ ርካሽ ከሆነልዎ ለዚያ ይጠቀሙበት። ቅጽ አልሄድ ሲል በመጀመሪያ ገጹን እንደገና ይጫኑት፣ ከዚያ በግል መስኮት («ፕራይቬት» ወይም «ኢንኮግኒቶ» በሚባለው) ይሞክሩት፤ በግል መስኮት ከሠራ ጥፋቱ የቆየ ኩኪ ወይም የተጫነ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። እዚያም ካልሠራ ወደ ሁለተኛው ብሮውዘር ይለፉ። በሁለቱም እምቢ ካለ ችግሩ የድረ ገጹ ወይም የኔትወርኩ ነውና ደንበኛውን ቁጭ አድርገው ብሮውዘር ሲቀያይሩ አይዋሉ። ረጅም ጽሑፍ የሚጠይቅ ቅጽ ከሆነ ጽሑፉን በቅድሚያ በወርድ ላይ አዘጋጅተው ያስቀምጡ፤ ገጹ ቢጠፋ ድካምዎ አይጠፋም። የደንበኞችን አካውንት ደግሞ ምንጊዜም በግል መስኮት ይክፈቱ፣ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» ለሚለውም አይሆንም ይበሉ። በስልክዎ ላይ ኦፔራ ሚኒ ለንባብ ይኑር፣ ለቅጽ ግን ክሮም ወይም ፋየርፎክስ።

ለድረ ገጹ ባለቤት ማመልከትንም አይተዉ። «ገጹ አይሠራም» ብሎ መጻፍ ግን ጥቅም የለውም፤ ሠሪው በክሮሙ ከፍቶ «ይሠራል» ብሎ ይዘጋዋል። የብሮውዘሩን ስምና የቅጂ ቁጥር፣ ኮምፒውተር ይሁን ስልክ፣ የትኛው ሳጥን ላይ ምን እንደጻፉና ምን መልስ እንዳገኙ ይግለጹ፤ የስክሪኑን ፎቶ ያያይዙ። በኮምፒውተሩ ላይ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ «ኮንሶል» በሚለው ክፍል ውስጥ ቀይ መስመር ካዩ እሱንም ይጨምሩ፣ ለሠሪው ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው። ፎቶው ላይ የደንበኛው ስም ወይም ስልክ ቁጥር ካለ ሳይላክ ይሸፈን። ፋየርፎክስ በሜኑው ውስጥ የማይሠራ ገጽ የሚጠቆምበት ቦታ አለው፤ እዚያም ይጠቁሙ። ለዛሬው የወር ሳጥን የሚጽፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «በኮምፒውተር ፋየርፎክስ ላይ የወር መምረጫው ባዶ የጽሑፍ ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ እባክዎ ወሩንና ዓመቱን በሁለት ተራ ዝርዝሮች ያስመርጡ።» ይህን ለሚያነብ ሠሪ ሥራው የአንድ ሰዓት ያህል እንኳ አይሆንም።